የአሠሪዬ አውራ ጣት

ሩቁንና ቅርቡን በአንድ ዕይታ በሚያይ፣ የሕያዋንንና የሙታንን ቍጥር ብቻውን በሚያውቅ አንድ አምላክ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ነገሬን እጀምራለሁ፤ አሜን። የልጅ ልጆቼ ከቤት ሳይወጡ ለውጭ አገር ሰው ይሠራሉ። «አባባ፣ አንተም በደርግ ጊዜ እዚሁ ድሬዳዋ ተቀምጠህ እንዲህ ትሠራ ነበር አሉ፤ እንዴት ነበር?» ብለው ስለ ጠየቁኝ ይህን ጻፍሁ። ስለ ሥራው ብቻ ቢሆን በአንድ ገጽ ባለቀ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሥራ መካከል በአንድ ሰው ነፍስ ላይ ያደረግሁት ነገር አለ። እርሱን ትቼ ሥራውን ብቻ ባወራ ግማሽ እውነት ይሆንብኛል።

በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ከደጋ ወርጄ በድሬዳዋ በማኅሌት ሳገለግል ጉሮሮዬን ታመምሁና ድምፄ ጠፋ። ዜማ የተወሰደበት ደብተራ ምን ይሠራል? በፍርድ ቤት በር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ መጻፍ ያዝሁ። አብዮቱ ሲመጣ ግን የቤቱም የመሬቱም ክርክር ወደ ቀበሌ ገባ፤ ጠረጴዛዬ ባዶውን ቀረ። ባለቤቴ ቀፊራ ገበያ ቅመም እየቸረቸረች ልጆቹን ታበላ ነበር።

የሶማሊያው ጦርነት አልፎ ባቡሩ እንደ ገና መሄድ በጀመረበት ዘመን፣ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው በጅቡቲ በኩል የተመለሱ አንድ መነኩሴ እኛ ቤት አደሩ። ጽሕፈቴን አይተው፣ «በኢየሩሳሌም አንድ የፈረንጅ ሊቅ አግኝቼ ነበር። የጥንት ብራናዎችን ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ አሮጌ እጅ ጽሕፈት የሚያነብላቸው ግን አጥተዋል። ጻፍላቸው» ብለው አድራሻ ሰጡኝ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ቀድጄ አራተኛውን ላክሁት።

በሦስተኛው ወር መልስ መጣ፤ በውስጡም ለመፈተኛ የሚሆን የአንድ ገጽ ፎቶግራፍ ነበረ። በአጉሊ መነጽር አንብቤ አሳምሬ ገልብጬ ላክሁ። የመለሱልኝ በመጽሐፍ በተማሩት አማርኛ ነው፦ «ጽሕፈትዎ እጅግ ያምራል። ነገር ግን አራት ስሕተት አርመዋል። እኔ የምፈልገው ስሕተቶቹን ነው።» አፈርሁም፣ ገረመኝም። እኛ ዘንድ የተሳሳተ ፊደል አይቶ ማለፍ ነውር ነው። ሁለተኛውን ገጽ ግን እንዳለ፣ የሃሌታውን «ሀ» በሐመሩ «ሐ» ሳልለውጥ ገለበጥሁ። ሥራውን አገኘሁ።

ርቆ የሚሠራ ሰው ፊቱ ሥራው ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ ተማርሁ። ዘግይቶ ቢልክ ሰበቡን የሚያይለት የለም። ስለዚህ ሁሉን ሁለት ሁለት አድርጌ እጽፍ፣ አንዱን አስቀርቼ አንዱን በአደራ ደብዳቤ እልክ፣ ማንበብ ያልቻልሁትንም «አላነበብሁትም» ብዬ አስታውቅ ነበር። ክፍያዬ በባንክ ይመጣ ጀመር። ባለቤቴም ቅመሟን ተወች።

አሠሪዬን አይቻቸው አላውቅም። መልካቸውን የሚያሳይ ሥዕል እንኳ አልላኩልኝም። በየፎቶግራፉ ኅዳግ ላይ ግን ብራናው እንዳይጠቀለል የሚጫን አንድ አውራ ጣት ይታይ ነበር፤ የእርሳቸው። ቀን ከቀን ሳየው ከራሴ ጣት ይልቅ አወቅሁት። በአንድ ወቅት በር ወይም መዶሻ መትቶት ነው መሰለኝ፣ ከጥፍሩ ሥር ምስር የሚያህል ጥቁር ደም ቋጠረ።

ያ ነጥብ በታየባቸው ፎቶግራፎች መካከል አንድ ቁራጭ ደብዳቤ ተጣጥፎ አገኘሁ፤ ጽሕፈቱ የሌላ ሰው፣ የረዳታቸው ነው። «መምህሬ አርፈዋል። ሥራው ግን አይቆምም። ከእንግዲህ ለእኔ ይላኩልኝ» ይላል።

እንግዳ ቤት ገብቶ አረፈ ይባላል፤ ገበሬም ከእርሻው አረፈ ይባላል። ስለ ትልቅ ሰው፣ ያውም በደብዳቤ፣ «አርፈዋል» ብሎ የሚዘጋ ቃል ግን በእኔ ትምህርት አንድ ትርጕም ብቻ አለው። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ለረዳቱም «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ብዬ ጻፍሁ። እርሱም ቆይቶ «አመሰግናለሁ፤ እርስዎንም ያጽናዎ» ብሎ መለሰልኝ። ጥርጣሬ ከየት ይመጣል?

ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው። «እምነታቸውን አናውቅ፣ ጥምቀታቸውን አናውቅ፤ በቤተ ክርስቲያን በፍትሐት አይፈቱም። ለውለታቸው በቤትህ ብትጸልይ ግን የሚከለክልህ የለም» አሉኝ። የሙታን ጸሎት ደግሞ የክርስትና ስም ይጠይቃል፤ «ገብርከ»፣ ማለት «ባሪያህ»፣ ብሎ ስም ሳይጠሩ አይታለፍም። ስለዚህ እኔው ስም አወጣሁላቸው። ስሙን ለባለቤቴም ለነፍስ አባቴም አልነገርሁም። አርባ ቀን፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው በሙቀት በሚሞትበት በቀትር፣ በደከመ ድምፄ በዚያ ስም ጸለይሁ። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ሰው ጥሏት የሄደ ከተማ ትመስላለች፤ የጋሪ ፈረስ እንኳ አይሰማም። አበው የቀትር ጋኔን ያሉት ይህን ዝምታ ይሆን እያልሁ፣ ከኋላዬ የሚሰማኝ ያለ እየመሰለኝ ዞር እል ነበር። ማንም የለም። ጠረጴዛው ላይ ባለው ፎቶግራፍ አውራ ጣቱ ብራናውን እንደ ተጫነ ነው።

ጎረቤት ሰምቶ ለቅሶ ደረሰ። የዕድር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ጎረቤታችን የነበሩት ሐጂም ቴምር ይዘው መጥተው፣ «አላህ ይማረው። የሥጋ ዘመድህ ነው?» አሉኝ። «አይደለም» ብላቸውም ቴምሩን አኑረው ተቀመጡ። ወሬው ቀበሌ ደረሰ፤ ተጠራሁ።

«ማን ሞቶብህ ነው?» አለኝ ሊቀ መንበሩ።

«አሠሪዬ።»

«አሠሪህ የት ነው የሚኖረው?»

«ፈረንጅ አገር።»

«የሥራ ቦታህስ?»

«ቤቴ።»

«ሰውየውን አይተኸው ታውቃለህ?»

«አውራ ጣታቸውን ብቻ።»

ጸሐፊው ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣ። «ጓድ፣ ይህንንም ልጻፈው?»

«ተወው ባክህ፤ ከላይ ያሉት ያነበቡት እንደ ሆነ ሁለታችንንም ይጠይቁናል» አለና ወደ እኔ ዞረ። የባንኩን ወረቀት አሳየሁት። የውጭ ምንዛሪ ለአገር የሚያስገባ ሰው መሆኔን አይቶ ለቀቀኝ። በሩ ላይ ግን፣ «የሞተ ሰው ደመወዝ ይልካል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አርባው ወጣ። በሁለተኛው ወር ከረዳቱ አዲስ ጥቅል መጣ። የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ አውጥቼ መነጽሩን አስጠጋሁ። አውራ ጣቱ አለ። ከሞታቸው በፊት የተነሣ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ነገር ግን ጥቁሩ ነጥብ ከጥፍሩ ሥር ተነሥቶ መካከል ደርሷል። ከዜና ዕረፍታቸው ጋር በአንድ ፖስታ የመጡትን አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥሁ፤ በእነዚያ ከሥሩ ነው። የሙት ጥፍር በመቃብር ያድጋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ብራና ይዞ ፎቶግራፍ ሲነሣ ግን አልሰማሁም።

ባለቤቴን ጠራሁና አሳየኋት። አማተበች። «አንተ ሰው፣ ይህን ሥራ ማን ነው የሚያሠራህ?» አለችኝ። ያን ጥቅል የገለበጥሁት ኅዳጉን በወረቀት ሸፍኜ ነው።

ከዚያ በኋላ ፖስታ ቤት ሄድሁ። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ እንደ ድሬዳዋ ልማድ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» የሚል፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። ለቅሶዬንም ያውቃል። የፖስታውን ጽሕፈት አይቶ፣ «አቦ መሪጌታ! ያ የቀበርከው ፈረንጅህ ጽፎልሃል፤ ወላሂ የእሱ እጅ ነው!» አለኝ። የእርሳቸው ጽሕፈት ነበረ። እዚያው ቆሜ ቀደድሁት። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ከዕረፍቴ ተመልሻለሁ። ከእንግዲህ እንደ ድሮው ከእኔ ጋር ይቀጥላሉ።»

መስኮቱን ይዤ መቀመጤን ሲያይ ሠራተኛው ወጥቶ ደብዳቤውን ከእጄ ወሰደና አነበበው። ሆዱንም ይዞ ሳቀ። «ዕረፍት እኮ ኮንጄ ነው! ባቡር ሠራተኞቹ በዓመት የሚወጡት! ሰውየው ባሕር ዳር ሄዶ ዓሣ ሲበላ ነው የከረመው፤ አንተ አርባ አወጣህለት!»

የጥፍሩም ነገር ገባኝ፤ በዕረፍታቸው ላይ ሳሉም ብራና ማንሣት አልተዉም ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። ፍርሃቱ መልኩን ለወጠ እንጂ አልለቀቀኝም። ሙት መስሎኝ ሕያውን ሰው በስም ጠርቼ፣ ከሙታን ጋር እንዲቈጠር አርባ ቀን ለምኛለሁ። ያ ልመና የት ሄደ? ወደ ነፍስ አባቴ ሮጥሁ። እርሳቸውም፣ «የቁም ተዝካር የሚያወጣ ሰው አለ፤ ነገር ግን ራሱ ፈቅዶ ነው። አንተ ሳይፈቅዱ አደረግህባቸው። ንገራቸው፤ ከፈቀዱ በረከት ነው፤ ካልፈቀዱ የአንተ ዕዳ ነው» አሉኝ።

ባለቤቴ ማታ በእራት ላይ ተቈጣች። «‹ሞተዋል ብዬ ፈታሁዎ› ብለህ ልትጽፍለት? አእምሮው የታወከ ነው ብሎ ይተውሃል። ልጆቹስ? እኔስ ወደ ቀፊራ ልመለስ?» ያለችው ሁሉ እውነት ነበረ። በአገሩ ላይ እንደ እኔ ላለ ሰው ሌላ እንጀራ አልነበረም። ሳምንት ሙሉ ብዕር አነሣሁና አስቀመጥሁ። በመጨረሻ የራሳቸው ሕግ ፈረደብኝ፦ ስሕተቱን ሳታርም ላክ። ሁሉን እንዳለ፣ ቃሉን እንዴት እንደ ተረዳሁት፣ ቀኖቹን፣ ለቅሶውን፣ ስም ማውጣቴንም ጻፍሁ። ስሙን ግን አልጻፍሁትም።

በማግሥቱ ደብዳቤውን ልኬ ከፖስታ ቤት ስመለስ የቀረኝን ፎቶግራፍ ሁሉ ጠቅልዬ ለመመለስ አዘጋጀሁ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ምንም አልመጣም። ባለቤቴ የቅመም ከረጢቶቿን ታጥብ ጀመር። እኔ የሥራውን መቅረት ሳይሆን ሌላውን ነበር የምፈራው፦ ዝም ያሉት ተቈጥተው ነው ወይስ ልመናዬ ደርሶባቸው?

በአራተኛው ወር ከወትሮው የከበደ ጥቅል መጣ፤ የአንድ ሙሉ ገድል ፎቶግራፍ ነው። ከላዩ ባለ ሁለት መስመር ወረቀት ነበረ፦ «ፈቅጃለሁ። ስሜን ይላኩልኝ።»

ላክሁላቸው። ከእኔና ከእግዚአብሔር በቀር ማንም ያልሰማውን ያን ስም በቀይ ቀለም ጽፌ ላክሁላቸው። ከዚያ ወዲያ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ሥራው አልተቋረጠም፤ ልጆቼን ያስተማርሁት በእርሱ ነው። በደብዳቤዎቻቸው ሁሉ ግን የቀድሞውን ፊርማ ትተው በዚያ ስም ይፈርሙ ጀመር፤ በሙታን መካከል ብቻ የጠራሁትን ስም በሕያው ሰው እጅ ተጽፎ ባየሁ ቍጥር የማይለቀኝ ብርድ ይይዘኝ ነበር፤ በድሬዳዋ ቀትር። አንድ ቀን ባለቤቴ ፊርማውን አየችና፣ «ይህስ ደግሞ ማን ነው?» አለችኝ።

«ያው ሰውዬ ነው» አልኋት።

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅርባ አየችው። «ጽሕፈቱ የእሱ ነው» አለች፤ «ሰውዬው ግን ሌላ ይመስለኛል።»

አልካድኋትም።

ይህን ያነበብህ ወንድሜ፣ ይህንም ያነበብሽ እኅቴ፣ ስማችሁ በሕያዋን መጽሐፍ ይጻፍ። ከሩቅ የምትጠብቁት መልስ በደኅና ይድረስላችሁ፤ የእጃችሁን ሥራ ይባርክላችሁ፤ በቤታችሁም ሳትጠሩት የሚመጣ አይግባ፤ አሜን።