ከምንጩ በላይ የነበሩት ባሕር ዛፎች

ባሕር ዛፍ አልወድም። ሰው ሁሉ ሽታው ለጉንፋን ጥሩ ነው፣ ለቤት መሥሪያ የሚያህለው የለም እያለ ሲያወድሰው ለእኔ አይዋጥልኝም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ዳገቱ ላይ ባለችው ቤታችን ያደግሁት እናቴ ከዚህ ዛፍ ጋር ስትጣላ እያየሁ ነው።

ከጓሯችን ዝቅ ብሎ አንድ ያረጀ ወይራ ነበር። ከሥሩ ምንጭ ይፈልቃል። ጎረቤቱ ሁሉ የሚቀዳው ከዚያ ነው፤ የእናቴ ጎመን የሚጠጣውም ከዚያው። ከምንጩ በላይ ደግሞ አባቴ ታላቅ ወንድሜ የተወለደ ጊዜ የተከላቸው ባሕር ዛፎች ነበሩ። ልጁ ሲያድግ ጎጆ ይወጣባቸዋል ተብለው የተተከሉ ናቸው። ወንድሜ ሲያድግ እነሱም አደጉ፤ ምንጩ ግን እያነሰ ሄደ። በልጅነቴ እንስራው ቶሎ ሞልቶ ይፈስ ነበር፤ በኋላ በቅል እየጨለፍን መሙላት ጀመርን። ከዛፎቹ ሥር ሣር አልበቅል አለ። አጋሙና ቀጋው አለቁ፣ ወይራውም በአንድ ጎኑ ይደርቅ ጀመር።

እናቴ ቁረጣቸው ብላ ያልለመነችበት ዓመት የለም። አባቴ የልጄ ቤት ናቸው እያለ እምቢ አላት።

ከዚያ አብዮቱ መጣና መሬቱም ዛፉም የመንግሥት ሆነ። አባቴ በገዛ እጁ በተከለው ዛፍ ላይ መጥረቢያ ማንሣት የማይችል ሰው ሆኖ አረፈው። መቁረጥ ያማረው ያኔ ነው። ቀበሌ እየተመላለሰ ምንጩ ሊደርቅ ነው ብሎ ቢያስረዳ የሚሰማው አጣ። እንዲያውም ተራራውን አልብሱት ተብለን በዘመቻ የምንወጣበት ጊዜ ነበር፤ የምንተክለውም ያንኑ ባሕር ዛፍ ነው። እናቴ በዘመቻው ስትተክል ትውልና ቤት ስትመለስ ከወይራው ሥር የበቀለውን ትነቅላለች። አንድ ቀን የአብዮት ጥበቃ ጎረምሳ አገኛት።

"እማማ፣ ችግኝ መንቀል እኮ አሻጥር ነው፤ ያስጠይቅዎታል" አላት።

የጎመን አረም ነው አለችውና የነቀለችውን ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገች። ከዚያ በኋላም መንቀሏን አልተወችም።

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ሄደ። ብዙ ጊዜ ድምፁ ጠፋ። አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ የእድሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። እናቴ ገና በሩን ስትከፍት መርዶ መሆኑን አውቃ ጮኸች።

ሬሳ የሌለው ለቅሶ ነበር። የእድራችን ድንኳን ሸራ ብቻ ስለነበር ቋሚውን የሚያቀርበው ሐዘንተኛው ነው። ለዚህ ሲል ቀበሌው አባቴ አጣና እንዲቆርጥ ፈቀደለት፤ ከየትኛው እንደሚቆርጥ የጠየቀው የለም። እድርተኛው መጥረቢያውን ይዞ ከምንጩ በላይ ወጣ። ለድንኳኑ ሲበቃ ለማገዶ እያሉ ቀጠሉ። አባቴም እያለቀሰ አብሯቸው ይቆርጥ ነበር። ለልጁ ጎጆ የተከላቸው ዛፎች የልጁን የለቅሶ ድንኳን ተሸከሙ። በዚያ ሁሉ መከራ መሀል እኔ የተጽናናሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምንጩ ሊተርፍ ነው።

እውነትም ውኃው መለስ አለ። ባሕር ዛፍ ግን በመጥረቢያ አይሞትም። ክረምቱ ሲገባ ከየጉቶው ዙሪያ ቀንበጥ ወጣ፤ አንድ ግንድ በነበረበት ብዙ ሆኖ በቀለ። አባቴ ጉቶዎቹን ከነሥራቸው ሊነቅል ዶማውን አንሥቶ ወረደ፤ እኔም ቀንበጡን ልቀነጥስ ተከተልኩት። ሥራ ሳንጀምር እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች መጣችና አንዱ ጉቶ ላይ ተቀመጠች።

"ተዋቸው" አለችው። "ልጄ አልተመለሰም። እነሱ እንኳ ይመለሱ።"

ምንጩስ አልኳት። ከቦኖ ትቀጃለሽ አለችኝ። አባቴ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤት ወጣ። ነገሩን ዳግመኛ አላነሣውም።

በተከታዩ በጋ ምንጩ ነጠፈ። ወይራውም ሙሉ በሙሉ ደረቀ፤ ለማገዶ ተቆርጦ ሄደ። ጎረቤቶቻችን ለሐዘንተኛ ክፉ አይናገሩምና ምንም አላሉንም። ቦኖ መሰለፍ የእኔ ሥራ ሆነ። በእናቴ በጣም ተናድጄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም አንዳንዴ ያናድደኛል።

አንድ ቀን ቦኖው ውኃ ጠፍቶበት ባዶ ጀሪካን ይዤ ተመለስኩ። የምናገረውን መንገድ ለመንገድ ሳሰላስለው ነበር የመጣሁት። እናቴ ጓሮ ቆማ ቁልቁል ታያለች። ሳልናገር ወደ ቀንበጦቹ አመለከተችኝ።

"የልጄን ቁመት ደረሱ" አለች።

ጀሪካኑን መሬት አስቀምጬ አጠገቧ ቆምኩ።