«እሺ» ያስተማረች መምህርት

የሺወርቅ ጡረታ ስትወጣ የሰበታ ሰው አረፈች ብሎ ነበር። ምን ታርፋለች! ሠላሳ ዓመት ትምህርት የሚከብዳቸውን ልጆች ስታስተምር ኖራ፣ አሁን ደግሞ ከፋብሪካ ፋብሪካ እየዞረች ሥራ ታስቀጥራቸዋለች። ዘበኞቹ ከሩቅ ሲያዩዋት «መጣች ደግሞ!» ይላሉ። እሷ በሩ እስኪከፈት ንቅንቅ አትልም።

ዘንድሮ ብስኩት ፋብሪካ ያስገባችው ዱርሲቱን ነው። ዱርሲቱ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ፊደል እምቢ ብሏት ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም። ነገር ተደርድሮ ሲነገራት ይበተንባታል፤ አንዴ በእጅ ካሳዩዋት ግን አትረሳም። የማሸጊያ ክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ቢቂላ ለአንድ ወር ሙከራ ተቀበላትና «እሷ ከሆነላት ሌሎቹንም ያመጧቸዋል» አለ። ሌሎቹ የሺወርቅ ያስተማረቻቸው አራት ልጆች ናቸው፤ በየቤታቸው ቁጭ ብለው የዱርሲቱን ወሬ ይጠብቃሉ።

ሦስት ሳምንት በሰላም አለፈ። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ስልክ ተደወለ።

«ወይዘሮ የሺወርቅ፣ ይምጡና ልጅዎን ይውሰዱ።»

እየበረረች ሄደች። ቢቂላ በር ላይ ጠበቃት።

«ቀዩ ካርቶን ሃያ አራት፣ ሰማያዊው ሠላሳ ስድስት ይግባበት ብዬ ነገርኳት። እሺ አለችኝ። ገባሽ ወይ? ስላት፣ እሺ! ይኸው ሁሉንም ሃያ አራት አድርጋ ዘግታ፣ መኪናው ተጂ ከተማ ደርሶ ተመለሰ። ካልገባት አልገባኝም አትልም? ዋሽታኛለች!»

የሺወርቅ ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ወዲያው ዱርሲቱን አየቻት፤ ጥግ ላይ እጇን አጣምራ፣ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ያን አቋቋም ታውቀዋለች። «ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ እሺ በይ፤ እሺ ያለ ልጅ ይወደዳል» እያለች ያስተማረቻት ራሷ ናት። ወይኔ፣ አፈር በበላሁ! አለች በልቧ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። የሺወርቅ ይህን ስትል የሰማ ሰው ሰበታ ውስጥ የለም። «እሺ ማለትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የቀረችውን ሳምንት ይተዉላት፣ በሞቴ።»

«እስከ ቅዳሜ» አለ ቢቂላ ተንፍሶ። «አንድ ካርቶን ከተመለሰ ግን እሷም የለች፣ አራቱም የሉ።»

ወደ ታክሲው ሲሄዱ የሺወርቅ እጇን ያዘቻት። «ስሚኝ፣ ካልገባሽ አልገባኝም በይ።»

«እሺ።»

«እሺ አትበይ ነው የምልሽ!»

«እሺ፣ እትዬ የሺ።»

ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ የተወሳሰበ ትእዛዝ እየሰጠች ታለማምዳት ያዘች። ዱርሲቱ ላብ በላብ ሆነች። «ለትልቅ ሰው እንዲህ ማለት ነውር አይደለም?» ትላለች።

«ነውሩን ለእኔ ተዪው።»

ቅዳሜ ጠዋት የሺወርቅ ማንም ሳይጠራት ማሸጊያ ክፍሉ በር ላይ ተገተረች። ቢቂላ የክፍሉን አሥራ ሁለት ሴቶች ሰብስቦ አዲሱን አስተሻሸግ ባንድ ትንፋሽ ለቀቀው፤ ይሄ ከታች፣ ያ ከላይ፣ ለቡራዩ እንዲህ፣ ለሱሉልታ እንዲያ። «እሺ» አለች አንዷ፣ «ቶሌ» አለች ሌላዋ በኦሮምኛ።

ዱርሲቱ እጇን አወጣች።

«ኦቦ ቢቂላ፣ አልገባኝም። በእጅዎ ያሳዩኝ።»

የሺወርቅ ዓይኗን ጨፈነች፤ አለቀልን፣ አለች በልቧ።

«ውይ፣ እኔም እኮ አልገባኝም!» አለች ራቢአ፣ አምስት ዓመት እዚያው የሠራችው። «ፈርቼ ነው እሺ ያልኩት።»

«እኔም» አለች ከኋላ ሌላዋ። «እኔም።»

ቢቂላ ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ካርቶን አነሳና ራሱ አሽጎ አሳያቸው። የዚያን ቀን የተመለሰ ካርቶን የለም።

ሥራ ሲያልቅ ቢቂላ ወደ በሩ መጣ። «ወይዘሮ የሺወርቅ፣ ዱርሲቱ ተቀጥራለች። ሰኞ አራቱን ይዘው ይምጡ።»

የሰበታ ዘበኛ ሁሉ የሚፈራት ሴትዮ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ዱርሲቱ ጠጋ ብላ ፊቷን አየቻት።

«እትዬ የሺ፣ ገባዎት?»

«አልገባኝም» አለች የሺወርቅ ወደ ቢቂላ ዞራ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። «እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ።»