ሁለት «ቀን» ይዤ ወደ ዘመሮ

ንጋት፣ ደብረ ብርሃን

ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ያኔ ሞባይል ዘመሮ አልደረሰም፤ አውቶቡሱም የሚነሳው ሲሞላ ነው። ኮምፒውተሬን በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌዋለሁ። የትውልድ አገሬ የባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ሸማኔዎች ማኅበር የድሮ መዝገቡን ከአዲሱ ፕሮግራም ጋር እንዳገናኝለት ጠርቶኛል።

ችግሬን ልንገራችሁ። የድሮው ፕሮግራም በአንድ የኮምፒውተር ቋንቋ፣ የእኔው በሌላ ነው የተጻፈው። በሁለቱም ውስጥ «ቀን» የሚባል የመረጃ ዓይነት አለ። የድሮው ቀኑን ብቻ ይይዛል፤ አዲሱ ሰዓትም ይጨምራል። ሳገናኛቸው ማሽኑ «የትኛው ቀን?» ብሎ ቀጥ ይላል። የድሮውን ስም ብቀይረው ደግሞ በዚያ ስም የተቀመጠው ሁሉ አይከፈትም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ተሰማ በመስመር ስልክ፣ «ልጄ፣ የሞቱት ሸማኔዎቻችን ሥራ እዚያ ውስጥ ነው፤ አደራሽን» ብለውኛል።

ረፋድ፣ መሐል ሜዳ

ትኩስ ሻይ፣ የገብስ ዳቦ፣ አቧራ። በጎች ጣሪያ ላይ ሲጫኑ ጠብ ተነሳ።

«የእኔ ነው! ግራ ጆሮው ስንጥቅ አይደል?» አለች አንዲት ሴትዮ።

«ጆሮ መሰንጠቅ ላንቺ ብቻ ነው እንዴ የተሰጠው?» አለ ባለበጉ።

ሾፌሩ በመስኮት ብቅ አለ፦ «በጉን ራሱን ጠይቁት፤ እኔ ልሄድ ነው!»

ሴትዮዋ ቀኝ ጆሮውን ገለጥ አድርጋ አየች። «ውይ! የእኔስ ቀኙም ጫፉ ቁርጥ ነው፤ የዚህ ግን ደህና ነው። ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ አንዱን ብቻ አይቼ!»

እኔ ግን እናቴ ትዝ አለችኝ። ከራቤል አገር ወደ አባቴ ቤት ስትዳር ይዛቸው የመጣቻቸው በጎች ምልክት ከአባቴ በጎች ጋር አንድ ሆነ። ዘመድ «የእሷን ቁረጠውና አጥፋው» ቢለው፣ አባቴ እንቢ አለ። በሌላኛው ጆሮ ላይ የየቤቱን ምልክት ጨመረ። የእናቴ በጎች በረታችን ውስጥ እስከ መጨረሻው «ራቤሎቹ» እንደተባሉ ኖሩ።

አውቶቡሱ ሲነሳ ምን እንደማደርግ አውቄ ነበር።

ከሰዓት፣ ዘመሮ

ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል፤ ጋሽ ተሰማ ከኋላዬ ቆመዋል። የማንንም ስም አልቀየርኩም። ሁለቱን ፕሮግራሞች በሚያገናኘው ክፍል ላይ ብቻ ከእያንዳንዱ ስም ፊት የመጣበትን ቤት ጻፍኩ፦ የድሮው ቤት ቀን፣ የአዲሱ ቤት ቀን። ሰዓት ለሌለው ሰዓት አልፈጠርኩም፤ ባዶ ተውኩት።

ተከፈተ። የመጀመሪያው ስም የጋሽ ተሰማ ሟች ታላቅ ወንድም ነው፤ አንድ ጥቁር ባና፣ ከነተሠራበት ቀን።

«ቀኑን አልነካሽውም?»

«አልነካሁትም ጋሼ። ከነቤቱ ነው።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «በይ እስቲ» አሉኝ፣ «ቀጥሎ ማን አለ?»