የደሴቲቱ ሁለት ሰዓቶች

በዲፕሎማት ቤት ዕድሜዬን ሙሉ ድስት ስፈትግ ኖሬ ጉልበቴ ሲያልቅ፣ አዛውንት መንከባከብ ይቀላል ብለው መከሩኝ። ይቀላል ያለኝ ሰው አዛውንት ተንከባክቦ አያውቅም። ከጄኔቭ ዳር፣ ከምኖርበት ከኦኔ ተነሥቼ የሽማግሌው ቤት ያለበት ሰርቬት ሰፈር እስክደርስ እግሬ ያብጣል፤ እዚያ የሚጠብቀኝ ሥራ ደግሞ፣ ይግረማችሁና፣ መጻፍ ነበር።

ሽማግሌው የማልታ ሰው ናቸው። ጄኔቭ ውስጥ በአስተርጓሚነት ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ዓይናቸው ደከመ። ያን ጊዜ ነው የደሴቴን ታሪክ ሳልጽፍ አልሞትም ያሉት። እሳቸው በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እዚሁ ጄኔቭ ተወልዳ ዙሪክ የምትሠራ። የአባቷን ቋንቋ አታውቅም። «ሲያልቅ እሷ መጥታ ታነብልኛለች፤ በሷ ድምፅ ልስማው» ይሉ ነበር። ምኞታቸው ይኸው ብቻ ነበር።

ከምሳ በኋላ እንቅልፍ እያዳፋኝ ስንቱን ጻፍኩት! የማልታ ሰዎች ንግግራቸው የዐረብ ዘር ሆኖ ፊደላቸው የላቲን ነው። ካቶሊክ ሆነው ፈጣሪን «አላ»፣ ሁዳዴን «ራንዳን» ይላሉ። የተማረው በጣሊያንኛ ሲራቀቅ፣ የሕዝቡ ቋንቋ የወጥ ቤት ቋንቋ ተብሎ ሲናቅ ኖሯል። ይህን ሲናገሩ ይቆጡ ነበር። እኔም የወጥ ቤት ሰው ነኝና ያቺን ገጽ ሳላዛጋ ጻፍኳት። ደሴቲቱን ይገዙ የነበሩት ባለመስቀል ፈረሰኞች ሲሞቱ መጽሐፋቸው አይሸጥም፣ ለጋራው ቤተ መጻሕፍት ይገባል ሲሉኝ፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኳቸው። ሳቁና እሱንም ጻፊው አሉኝ።

የመጨረሻው ገጽ ስለ ቤተ ክርስቲያኖቻቸው ነበር። ብዙዎቹ በፊት በኩል ግንባቸው ላይ ሁለት ሰዓቶች አሏቸው፤ አንዱ ትክክል፣ ሌላው ውሸት። ሰይጣን የቅዳሴውን ሰዓት እንዳያውቅ ነው ይባላል። «ታዲያ ሰዉስ አይሳሳትም?» አልኳቸው። «የአገሩ ሰው የቱ ትክክል እንደሆነ ያውቃል። የሚሳሳተው እንግዳ ነው።» ይህንንም ጻፍኩት።

በሳምንቱ ሆስፒታል ገቡ። ሰኞ ዕለት ሐኪሟ የቀሯቸው ጥቂት ቀናት እንደሆኑ ነገረችኝና ለልጃቸው ልትደውል ተነሣች። «ግድ የለም፣ እኔ እነግራታለሁ» አልኩ። ክፉ ወሬ ከሚያውቁት ሰው አፍ ይሻላል ብዬ ነው። ደወልኩና «አባትሽ ትንሽ ደከም ብለዋል» አልኳት። እኛ ዘንድ እንዲህ የተባለ ሰው ጫማውን ሳያስር ይነሣል። እሷ ግን፣ «እሺ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» አለችኝ።

ገብቷት ነው፣ ሥራ ይዟት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ቬርኒየ ሰፈር የምትኖረው የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬም፣ «ደግ አደረግሽ። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት በስልክ ይነገራል?» አለችኝ። ደግሜ አልደወልኩም። ረቡዕ ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይከፍቱ፣ «መጣች?» ብለው ጠየቁኝ። «መንገድ ላይ ናት» አልኳቸው። ሐሙስ ጠዋት ዐረፉ።

በቀብሩ ላይ ልጃቸው አላናገረችኝም። በአርባኛው ቀን ደብተሮቹን በዘንቢል ይዤ በባቡር ዙሪክ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ገደማ በፈጀው መንገድ ላይ የምላትን ስደረድር ነበር፤ በሩ ሲከፈት ሁሉም ጠፋኝ። ሻይ አቀረበችልኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽ ነበር።»

«ትንሽ ደከም ብለዋል ነው ያልሽኝ።»

አፈርኩ። ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። የላይኛውን አንሥታ ከመጨረሻው ገጽ ገለጠችና፣ በእኔ ጠማማ ጽሕፈት የተጻፈውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብ ጀመር። አባቷ ሊሰሙት የፈለጉትን ድምፅ እኔ ተቀምጬ ሰማሁት። ስለ ሰዓቶቹ አነበበች። «የሚሳሳተው እንግዳ ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እንግዳዋ እኔ ነበርኩ» አለች።

ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። እሷ ደብተሩን ዘግታ፣ «ባቡርሽ በስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

ትኬቴን አውጥቼ አየሁና ትክክለኛውን ሰዓት ነገርኳት።