የማማ ሙኒራ ዓይን

ሙባረካን ሪያድ ላይ ያስቀራት ዓይኗ ነው። የቤት ሙያዋ ቢሆን ኖሮ ምን ችግር ነበረው? ሩዝ የምትቀቅልም ምንጣፍ የምትጠርግም ሴት ሙረባዕ ሰፈር ውስጥ ሞልታለች፤ አንዷ ሄዳ ሌላዋ ስትተካ ልብ የሚለው የለም። የሙባረካ ጣጣ ግን ሌላ ነው። በድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ሰው የማያየውን አየች፤ አይታም ዝም አላለችም።

የቤቱ እመቤት ማማ ሙኒራ ይባላሉ። ባላቸው ካይሮ ሲማሩ አብረዋቸው ኖረው፣ ወጣትነታቸውን ሲኒማ ቤት ውስጥ የጨረሱ፣ ለፊልም ነፍሳቸውን የሚሰጡ አሮጊት ናቸው። ባል ሞተ፣ ልጆች እየወጡ ሄዱ፣ ቀጥሎ የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ብርሃናቸውን ወሰደው። ቴሌቪዥኑ ግን ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ እንደ ድሮው ይከፈታል፤ ድምፁን እየሰሙ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ሙባረካ አቧራ እያራገፈች ሳለ ፊልሙ ጸጥ አለ። ማማ ሙኒራም ለማንም ሳይሆን ለአየሩ፣ «አሁን ምን ሆነ?» አሉ።

ሙባረካ ምን አለባት፣ «ሻዩን አልጠጣችውም ማማ፤ ከንፈሯን ብቻ ነው ያስነካችው። ሰውየው ግን ጠጣች ብሎ ደስ ብሎታል» አለች።

ማማ ሙኒራ ያንን ፊልም በወጣትነታቸው ደጋግመው አይተውታል፤ ሻዩ እንደማይጠጣ ያውቃሉ። እጃቸውን ዘርግተው የሙባረካን ክንድ ያዙ፤ ከዚያ ወዲህ አልለቀቁትም ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የሙባረካ ሥራ ሁለት ሆነ፤ ጠዋት ቤት መጥረግ፣ ከሰዓት ፊልም ማየት። ይሄ ደግሞ ሥራ ሆኖ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። አብረዋት የመጡት ሴቶችም ይቀልዱባት ነበር፤ «አንቺማ ቁጭ ብለሽ ደሞዝ የሚወርድልሽ» እያሉ። ማማ ሙኒራ ግን ቀላል አስተማሪ አልነበሩም። ካሜራው የት ቆመ? ከታች ነው ከላይ? መብራቱ የማን ፊት ላይ ወደቀ? ሙባረካ አንዱን ከዘለለች «ያላ፣ ከመጀመሪያው!» ይሏታል። ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት አንድ ዳይሬክተር አለ። ስሙን አይጠሩም፤ «ኡስታዝ» ነው የሚሉት። የኡስታዝ ፊልሞች ሁሉ ስለ አንዲት እመቤትና ስለ አንድ ቤት ናቸው። ሴትዮዋን በመስኮት ፍርግርግ፣ በደረጃ መከታ፣ በመስታወት ጠርዝ እየከበበ፣ ግድግዳው ሳይነካት አፍኖ ይይዛታል። ሙባረካ ይህንን አይታ አደነቀችው። ሲቆይ ደግሞ ታዘበችው።

«ማማ፣ ይሄ ኡስታዝዎ አገልጋይ ሲያሳይ ከአንገት በታች ነው» አለቻቸው አንድ ቀን። «ትሪ ይገባል፣ ትሪ ይወጣል። የያዘችው ሴት ፊት የላትም።»

«እሱ የሚተርከው ስለ እመቤቲቱ ነው።»

«ይሁን። በሩን ማታ ማታ የሚዘጋባት ማን ሆነና? ያቺው ባለ ትሪዋ አይደለችም? እሷ ምን እንደምታስብ ሳያሳየን የቤቱን ነገር ጨረስኩ ካለ አጎደለ።»

ማማ ሙኒራ ቀኑን ሙሉ አኮረፉ። በማግስቱ ግን በዚያ ነገር ሲከራከሩ ዋሉ፤ ሁለቱም የአንድ ሰፈር ልጆች ይመስል ተሳሳቁ። እውነቱን ለመናገር ሙባረካ ያቺን ሰዓት ትወዳታለች። የሚያናድደውም ይሄው ነው፤ የምትለውን እንደ ማማ ሙኒራ ሰምቷት የሚያውቅ ሰው በዕድሜዋ አልገጠማትም።

ደሴ ያለችው ልጇ ፊርደውስ ግን አገባች ልትባል ነው። ሙባረካ ለእህቷ ትታት ስትመጣ ልጅቱ ገና የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነበር። ሰርጉ ለእናትየዋ ሲባል አንድ ጊዜ ተላልፏል፤ አሁን የሙሽራው ቤተሰቦች ሰልችተዋል። በሙባረካ አገር ሙሽራ ከቤት ስትወጣ እናቷ በሩ ላይ ቆማ መዳፏን በልጇ ራስ ላይ አሳርፋ ዱዓ ታደርግላታለች። ሌላ ሰው ሊያደርገው ይችላል፤ እናት በሕይወት እያለች ሌላ ሰው ሲያደርገው ግን ያማል። ሙባረካ የምትፈልገው ያቺን መዳፍ ማሳረፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ብትመለስም ግድ የላትም።

ኹሩጁ፣ ማለትም የመውጫ ፈቃዷ፣ ያለው በማማ ሙኒራ የበኩር ልጅ በአብዱልመሊክ ስልክ ውስጥ ነው። ከፊሏ፣ በስሙ ያስመጣት አሠሪዋ፣ እሱ ነውና አንድ ነገር ይጫናል፣ እሷ ትሄዳለች፤ በቃ ይኸው ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ጠልታው እንኳ ባረፈች። «አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ ሙባረካ» ይላታል በጠየቀችው ቁጥር፤ ከረመዷን በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ እናቴ ትንሽ ሲሻላት። ዘንድሮ ግን አልቅሳ ስትለምነው አሰበና፣ «እሺ። እንዳንቺ የምታይላት ሰው ተክተሽ ሂጂ። እናቴ ‹ትበቃኛለች› ባለች ቀን እጫነዋለሁ፣ ወላሂ» አላት።

ሳዲያ የመጣችው እንዲህ ነው። የወሎ ሐርቡ ልጅ፣ ቀጭን፣ ምላሰኛ፣ ውል ፈርማ ለሁለት ዓመት የመጣች። ማማ ሙኒራ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ ሙባረካ እንዳይቀሰቅሳቸው የፊልሙን ድምፅ አጥፍታ ታስተምራት ጀመር።

«አዘነ አትበያት» ትላታለች። «ማዘኑን እሳቸው ያውቁታል። እጁ ምን እንደሚያደርግ ንገሪያቸው።»

«እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።»

«ሁለቱም?»

«አንዱ። ሌላው የወንበሩን ጀርባ እየደባበሰ ነው፤ የእሷን ወንበር።»

ልጅቱ ጉድ ናት። ሳምንታት ሳያልፉ ሙባረካ ልብ ያላለችውን ማየት ጀመረች። «እህቴ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ካሜራውን ከቤት አስወጥቶት አያውቅም» አለቻት አንድ ቀን። «ሴትዮዋ ስትወጣ እንኳ እኛ ሶፋውና ምንጣፉ ጋ ነው የምንቀረው። ስትመለስ ‹የት ነበርሽ?› የምንላት እኛ ነን። ተመልካቹን ነው ዘበኛ ያደረገው።» ሙባረካ ይህንን ስትሰማ አቅፋ ሳመቻት። ያን ቀን ልጇ ጋ ደውላ ቀን ቁረጡ አለች፤ የምትይዘው ሻንጣም ተገዛ።

የፈተናው ዕለት አብዱልመሊክ ከሥራ ቀደም ብሎ መጣ፤ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከእናቱ ጎን ተቀመጠ። ሙባረካ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ፊልሙ ተከፈተ።

«ንገሪኝ ልጄ» አሉ ማማ ሙኒራ።

«ሴትዮ አለች» አለች ሳዲያ።

«እሺ?»

«ቆማለች። ሰውዬ መጣ። ያወራሉ።»

«ምን ለብሳለች?»

«ልብስ።»

አብዱልመሊክ ሳቁ አመለጠው። ማማ ሙኒራ ታገሡ፤ ካሜራው የት እንዳለ ጠየቁ፣ ሳዲያ ካሜራ አይታየኝም አለች። መብራቱን ጠየቁ፤ በርቷል አለች። ሙባረካ ልጅቱ ፈርታ ነው ብላ በዓይኗ ታበረታታት ነበር። ሳዲያ ግን አንዴም ቀና ብላ አላየቻትም።

«ኸላስ፣ በቃ» አሉ ማማ ሙኒራ። «ይቺ ወጥ ቤት ትሥራ።» አብዱልመሊክ ስልኩን ኪሱ ከተተው።

ሙባረካ ተከትላት ወጥ ቤት ገባች።

«ምን ነካሽ? ትናንት በቃልሽ ስትወጪው አልነበር?»

ሳዲያ ውሃውን ከፍታ አንድ ብርጭቆ ደጋግማ ታጥባለች። «አውፍ በይኝ እህቴ። እኔ ሁለት ዓመቴን ጨርሼ አገሬ መግባት ነው የምፈልገው።»

«ማን አትገቢም አለሽ?»

«አንቺን ማን አትገቢም አለሽ?» እንባዋ መጣ። «ፊልሙን ከማየቴ በፊት አንቺን ነው ያየሁት። ጥሩ አድርጌ ካየሁላቸው ይወዱኛል፤ ከወደዱኝ ደግሞ አለቀልኝ።»

ሙባረካ እጇን አነሳች፤ ልትመታት ነበር። መልሳ አወረደችው። ተናዳባታለች፣ ተቃጥላባታለች፣ ግን ምን ትበላት? የተናገረችው አንድም ውሸት የለበትም። ሳሎን ውስጥ ማማ ሙኒራ እየተጣሩ ነው፤ ፊልሙ ከተቋረጠበት እንድትነግራቸው። በመንገዷ ላይ እሷም «ልብስ» ልትል ወሰነች። «ልብስ፣ ሴትዮ፣ ቆማለች» እላለሁ፣ ይባርሩኝ፣ ብላ ማለች። ተቀመጠች፣ አየች፣ አፏን ከፈተች። «ከበሩ ፊት ናት ማማ። ፊቷ ግማሹ ጨለማ ነው፤ ሰውየው የሚያየው ብርሃን ያለውን ብቻ ነው» አለች። ሆን ብሎ አለማየትን ሳዲያ ትችልበት ይሆናል እንጂ ሁሉ ሰው አይችለውም።

ሰርጉ በተቆረጠለት ቀን ሆነ። ቪዲዮው ከሰርጉ በኋላ በስልክ ተላከላት። ሙባረካ ብቻዋን ልታየው ዕቃ ቤት ገብታ ከፈተችው፤ እልልታው ግን ግድግዳ የሚያግደው አልሆነም።

«ምን ፊልም ነው?» አሉ ማማ ሙኒራ ከሳሎን።

«ፊልም አይደለም። የልጄ ሰርግ ነው።»

አሮጊቷ ፊታቸው በደስታ በራ። ውሸት የለበትም፤ ከልባቸው ነው። «ማሻአላህ! ወደ ትልቁ አውጪው፣ ነይ ከጎኔ። እኔም ልየው።»

በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ከፈተችው። ነገረቻቸው። ፊርደውስ ነጭ ነው የለበሰችው፣ ጥልፉ አረንጓዴ ነው። ካሜራ ያዢው የማይረጋ ልጅ ነው፤ ከሙሽራዋ ይልቅ ምግቡን ይወዳል። ማማ ሙኒራ ሳቁ። አሁን ወደ በሩ እየመጡ ነው። ካሜራው በስተውጭ በኩል ቆሟል፤ ብርሃኑ ከሙሽራዋ ኋላ ነው። ሙሽራዋ ጎንበስ አለች። አንዲት ሴት መዳፏን ራሷ ላይ አሳረፈች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ እያደረገች ነው።

«እናቷ ናት?» አሉ ማማ ሙኒራ እንደ ልማዳቸው፤ ማን እንደሆነች ለማወቅ ብቻ።

«አክስቷ ናት።»

«እናቲቱስ?»

«አትታይም ማማ።»

ክንዷን የያዘው የማማ ሙኒራ እጅ ላላ አለ፤ የሚለቋት መሰላት። ቆይተው መልሰው አጥብቀው ያዟትና፣ «ቀጥዪ» አሉ።