ጋሼ ያልሣሉት መንኮራኩር

ሰፈሩ «እጀ ወርቅ» እያለ ይጠራታል። የወርቁን ነገር ተዉት፤ እጇ ብሩሽ ከያዘ ዓመታት አልፈዋል። በልጅነቷ የመጻሕፍት ሽፋን ከሚሥሉት ከጋሼ ዘንድ ቀለም እየበጠበጠች ሥዕል ተምራለች። ጋሼ በሳይንሳዊ ልብወለድ ሽፋን የሚያህላቸው አልነበረም። ሆዱ የተነፋ መንኮራኩር፣ ጥንድ ጨረቃ፣ ደረቱ ላይ መብራት የተደረደረበት ሮቦት፣ ሁሉም ከሳቸው እጅ ይወጣ ነበር። የሷ እጅ ግን አልታዘዝ ስላላት ማተሚያ ቤት ከፈተች።

በቅርቡ የጋሼን የድሮ ሽፋኖች ስካን አድርጋ ለኮምፒውተሩ አጎረሰችውና «በኚህ ሰው አሣሣል አዲስ መንኮራኩር ሥራልኝ» ብላ ጻፈችለት። የያዘችው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሠራላት። አትማ ግድግዳ ላይ ብትሰቅለው ሰው ተሻማበት። «አንቺ ነሽ የሣልሽው?» ሲሏት ፈገግ ትላለች። ፈገግታ ውሸት አይባልም ብላ ራሷን ታታልላለች።

አንድ ቀን ጋሼ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ መጡና ግድግዳው ፊት ቆመው ቀሩ።

«ይሄን መቼ ነው የሠራሁት?»

እጀ ወርቅ ክው አለች።

«ቀዩ የኔ ቀይ ነው። ጨረቃዋንም እንዲህ የምቆርጣት እኔ ነኝ። ግን አላስታውሰውም።»

እውነቱን መናገር ቀላል ነበር። ችግሩ፣ ትናንት ሲያደንቋት የዋሉ ደንበኞች አጠገቧ ቆመዋል። ጋሼን ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ «ድሮ ነው ጋሼ፤ ረስተውት ነው» አለች። ያከበረቻቸው መሰላት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሷ ግን እያደረ ደፈረሰ። በሳምንቱ የጋሼ ልጅ በጨርቅ የተጠቀለሉ ብሩሾች ይዛ መጣች።

«አባዬ ሥዕል አቆመ፤ የገዛ ሥራዬን ካላወቅሁ አእምሮዬ ሄዷል ይላል። ሐኪሙ ምንም የለብህም ቢለውም አልሰማ አለ። ብሩሾቹን ለሷ ስጪልኝ አለኝ።»

እጀ ወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሱቁን ዘግታ፣ ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዳ፣ ብሩሾቹን እንደታቀፈች ጋሼ ቤት ሄደች። ባዶ የሥዕል ማቆሚያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይሄን እርስዎ አልሠሩትም። የእርስዎን ሽፋኖች ሰጥቼ በኮምፒውተር ያሠራሁት ነው። ያን ቀን ሰው ፊት አፍሬ ዋሸሁዎት። ሱቅ ይምጡና ላሳይዎት።» ይህን ስትል ከኀፍረቷ ብዛት ቀና ማለት አቃታት።

ጋሼ ሥዕሉን ተቀብለው ብዙ አዩት። ከዚያ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

«ተይ ልጄ፤ እኔን ለማጽናናት ብለሽ ነው። ያን ቀን ዓይኔን እያየሽ ነበር የነገርሽኝ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትዋሺ አንገትሽን ትደፊያለሽ።»