ኬላ ላይ የተነበበው ደብተሬ

ቀይ እስክርቢቶ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የመርሳ ኬላ ነው። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ጦርነቱ በቆቦ በኩል እየቀረበ፣ መንገዱ በተፈናቃይ ተሞልቶ፣ ሰው ሁሉ ሰውን በጎሪጥ ያይ ነበር። እኔም ብሆን የማላውቀው ሰው ውሃ ሲለምነኝ መጀመሪያ የማየው ጫማውን ነበር፤ የተዋጊ እንደሆነ ብዬ።

የአማርኛ አስተማሪያችን ቲቸር ወይንሸት የመርሳን ሰው ገና አልለመደችውም። «የሰፈራችሁን አንድ ሰው በቅጽል ግለጹ፤ በቅጽሎቹ መሃል ነጠላ ሰረዝ አትርሱ» ብላ የቤት ሥራ ሰጠችን። ግማሾቻችን ሰረዙን ረሳነው። እሷም ቁጭ ብላ በቀይ አስገባችልን።

አርብ ከሰዓት የቀረውን ልታርም ደብተሮቻችንን በፌስታል ይዛ እናቷ ዘንድ ወልድያ ልትሄድ ስትል ኬላው ላይ ያዟት። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሰፈራችን ባለ ወፍጮ ጋሽ ሙሄ፣ ያን ሰሞን የኬላው አለቃ፣ አንዱን ደብተር ገልጠው ይጮኻሉ።

«ረጅም፣ ጠይም፣ አንድ ዓይና! ይሄ የኛው ሰይድ አይደል? ሰዉን ለማን ነው የመዘገብሽው? ይቺ ቀይ ምልክትስ?»

«የተማሪዎች የቤት ሥራ ነው፣ ጋሼ።» አለች ቲቸር።

«ሆሆ፣ የቤት ሥራ!» አለ ዱላ የያዘ ጎረምሳ። «ወስደን እናስረክባት።»

እንዲህ ተብሎ የተወሰደ ሰው ቶሎ እንደማይመለስ እኔም አውቅ ነበር። የኔ ደብተር ፌስታሉ ውስጥ ከላይ ነው። ጣጣው፣ እኔ የገለጽኩት ራሳቸውን ጋሽ ሙሄን ነበር።

«ያ ከላይ ያለው ደብተር የኔ ነው፤ የጻፍኩትም ስለ አንቱ ነው» አልኩ። «ቀይዋ እኛ የረሳነው ሰረዝ ናት።»

«ስለ እኔ? እስቲ አንብቢያት!»

«ጋሽ ሙሄ ወፍራም፣ አጭር፣ ቁጡ...» ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «...ደግ ሰው ናቸው» ብዬ ጨረስኩ። ደብተሩ ላይ ያለው ግን «ንፉግ» ነው። ቲቸር መሬት መሬቱን አየች።

ነጥቀውኝ አዩት። ብዙ አዩት። «ልቀቋት፤ ወላሂ የልጆች ጽሑፍ ነው» አሉ። የኔን ደብተር ግን አልመለሱም። ቲቸር ወይንሸት ሚኒባስ ውስጥ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ መርሳ አልመጣችም። ትምህርት ቤቱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ።

ዛሬ እህል ላስፈጭ ስሄድ ጋሽ ሙሄ ከወፍጮው ድምፅ በላይ ይጮኻሉ፤ «እህስ፣ ደጉ ሰውዬ እንደምን ዋሉ አትይም? ያን ቀን እኮ መነጽሬን አድርጌ ነው ያነበብኩት!» ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ደብተሬን ለምን እንዳስቀመጡት ነግረውኝ አያውቁም። ያኔ ያየነውን ጽፈን እንተኛ ነበር፤ አሁን ግን ገና እስክርቢቶ ሳነሳ «ማን ያነበዋል?» እላለሁ። ብቻ አንድ ቀን ከመለሱልኝ፣ «ንፉግ» የሚለውን ሰርዤ ያነበብኳትን ቃል እጽፍበታለሁ። በቀይ።